አድሬናሏን አትጣሉ

አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ «እባክሽ ያችን የአይጥ አድሬናል ዕጢ አትጣያት» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ የሦስት ወር ደመወዜ ኪሴ ውስጥ በቀረ፣ አንድ የማላውቀውን ሰውም ለወራት ባልረገምኩ ነበር። ማንም አላለኝም። ስለዚህ እኔ ልበላችሁ።

ጎንደር ነው የምሠራው። ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ፣ ሮቴኖን በሚባል ፀረ ተባይ መርዝ በተጎዱ አይጦች አንጎል ውስጥ ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም ምን ያህል እንደ ቀረ ማየት ነበረብኝ። ናጋትሱ፣ ሌቪት እና ዩደንፍሬንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ያስተዋወቁት ይህ ኢንዛይም ታይሮሲንን ወደ ኤልዶፓ ይለውጣል፤ ኤልዶፓ ደግሞ ዶፓሚን፣ ማለትም የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር፣ ይሆናል። ኢንዛይሙ ከሌለ ዶፓሚን የለም። የሰው አንጎል ቢሆን ዶፓሚን የሚሠሩት ሕዋሳት የሚገኙበት ቦታ በዓይን ጠቁሮ ይታያል፤ ሰብስታንሺያ ናይግራ፣ ማለትም ጥቁሩ ነገር፣ የተባለውም ለዚሁ ነው። አይጥ ያ ጥቁረት የላትም። ሕዋሳቷን ለማየት ኢንዛይሙን ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ፣ ከዚያም የተያዘውን ቦታ ቡናማ የሚያደርግ ቀለም ያስፈልጋል።

አንቲቦዲውን መምረጥ አላስቸገረኝም። ለአይጥ ኅብረ ሕዋስ ከአይጥ የተሠራ አንቲቦዲ አትግዙ፤ ቀለሙን የሚያመጣው ሁለተኛው አንቲቦዲ በአይጧ የራሷ ደም ውስጥ ያለውንም ስለሚይዝ ስላይዱ በሙሉ ይጠይማል። ከጥንቸል የተሠራ 100 ማይክሮ ሊትር አዘዝኩ። ፊርማው፣ የግዢ ኮሚቴው፣ የውጭ ምንዛሪው ሁለት ወር ተኩል ወሰደ። ይህን በአገራችን የሠራ ሁሉ ያውቀዋልና አልፈዋለሁ።

ኅዳር 28 ቀን የአይጦቹን አንጎል አውጥቼ ፎርማሊን ውስጥ ከተትኩ። «አንቲቦዲው ዛሬ ነገ ይደርሳል፤ ሲመጣ ፓራፊን ሰም ውስጥ አስገብቼ እቆርጠዋለሁ» አልኩ። ኩላሊታቸው ላይ የተቀመጡትን፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጡትን አድሬናል ዕጢዎች ከቀረው አካል ጋር ለማቃጠያ ላክሁ። ሁለቱንም ስሕተት የሠራሁት በአንድ ጠዋት ነው። ጨርሼ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሻይም ጠጣሁ።

ዕቃው አዲስ አበባ የደረሰው ዓርብ ጥር 7 ነው። ጥምቀት ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። አገር ሁሉ ወደ ጎንደር ሲበር እኔ ከአዘዞ ተነሥቼ ወደ አዲስ አበባ በረርኩ። ስሙን ከማልጠራው መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ስቆም ገና ጠዋት ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ ሰውየው ወረቀቱን ሳያነብ።

«አንቲቦዲ ነው።»

«መድኃኒት ነው?»

«አይደለም፣ ለምርምር ብቻ ነው።»

«ከምን ይሠራል?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ወይም «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል» ማለት። እኔ ግን ማስረዳት የሚወድ ሰው ነኝ፤ መምህርነት ይዞኝ የመጣ አመል ነው። «ፕሮቲኑ ጥንቸል ላይ ይወጋል፤ ጥንቸሏ አንቲቦዲ ትሠራለች፤ ከዚያ ከደሟ...»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጥንቸሏ የጤና ምስክር ወረቀት አላት?»

መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። መሳቄ ነገሩን አከበደው። ከደም የተሠራ ነገር የእንስሳት ጤና ፈቃድ ሳይኖረው እንደማይወጣ ነግሮኝ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ላከኝ። እዚያ ያገኘኋት ሴት መልካም ሰው ነበረች፤ «እኛ የምናየው ሕያው እንስሳና ሥጋ ነው፤ ይህን የመሰለ አይቼ አላውቅም» ብላ የመድኃኒት ጉዳይ ወደሚታይበት ቦታ መራችኝ። ሦስተኛው ቦታ «መድኃኒት ካልሆነ እኛን አይመለከተንም» አሉኝ። እሰይ አልኩ። «እንግዲያው እንደማይመለከታችሁ የሚገልጽ አንድ መስመር ጻፉልኝ።»

«እርሱን የሚፈርሙት ኃላፊው ናቸው።»

«የት አሉ?»

«ለጥምቀት ጎንደር ሄደዋል።»

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በዚያ ዓመት ግን ጥምቀትን አክስቴ ሳሎን ተቀምጬ በቴሌቪዥን አየሁ። ካሜራው በፋሲል መዋኛ ዙሪያ የቆመውን ሕዝብ ሲያሳይ ኃላፊው ከመካከሉ ይኖሩ እንደሆነ ፊቶችን እመረምር ነበር። አክስቴ «ምን ሆነሽ ነው ስክሪኑ ውስጥ የምትገቢው?» አለችኝ። የእኔ ብልቃጥ በዚያ ሰዓት መጋዘን ውስጥ ከመደርደሪያ ላይ፣ ካርቶኑ ውስጥ፣ በረዶው እየቀለጠ ነበር።

ሐሙስ ጥር 13 ወጣልኝ። ያስወጣው ደብዳቤ ሁለት መስመር ተኩል ነው፤ ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። ካርቶኑን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። የበረዶ ከረጢቶቹ እንደ አብሲት ልቅ ብለዋል፤ ሞቅ ይላሉም። በመካከላቸው ከትንሿ ጣቴ ጫፍ የማይበልጥ ብልቃጥ፣ ግርጌው ላይ አንድ የእንባ ጠብታ የሚያህል ፈሳሽ። አብሮት የመጣው መመሪያ «ሞቆ ከደረሰ አይጠቀሙበት» ይላል። ከጁስ ቤት በረዶ ለምኜ፣ የአክስቴን ፔርሙዝ ሞልቼ፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልዬ በማግሥቱ ይዤው ተመለስኩ። በረዶው የሞተ ሰው ላይ የሚደረግ ሽቶ መሰለኝ።

ጥር 16 አንጎሎቹን ከፎርማሊን አውጥቼ ፓራፊን ውስጥ አስገባሁ፤ በ5 ማይክሮን ቆረጥኩ። ሰሙን በዛይሊን አስለቀቅሁ፤ በፒ ኤች 6 ሲትሬት ውስጥ 20 ደቂቃ አፈላሁ፤ በ3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የቀይ ደም ሕዋሳትን ኢንዛይም ዝም አሰኘሁ፤ አንቲቦዲውን ጨምሬ በ4 ዲግሪ አሳደርኩ። ሲፈላ አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። መመሪያው ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ይላል፤ የእኔ ቴርሞሜትር ግን 93 ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ። ተበላሽቷል ብዬ ሌላ አመጣሁ። ያም 93 ላይ ቆመ። ሁለቱም ርካሽ ናቸው ብዬ ተውኩት።

በማግሥቱ ማይክሮስኮፑ ሥር ያየሁት ሰማያዊ ብቻ ነው። የሕዋሳቱ ፍሬ ሰማያዊ፣ ዙሪያው ነጣ ያለ ሰማያዊ፣ ቡናማ የሚባል ነገር የለም። ደገምኩት። ሠለስኩት። የአንቲቦዲውን መጠን በእጥፍ ጨመርኩ። ሰማያዊ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማወራው እያፈርኩ ነው። ለዚያ መሥሪያ ቤት የሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። አሁንም ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ደብዳቤ ነው። ለሰማኝ ሁሉ፣ ለታክሲ ሹፌር ሳይቀር፣ አንድ የመስኮት ሠራተኛ ጥናቴን እንደ ገደለው ተናገርኩ። ከዚያም በገዛ ገንዘቤ ሁለተኛ ብልቃጥ አዘዝኩ። አሁን ብልህ ሆኛለሁና አምራቹን አስቀድሜ ደብዳቤ ጠየቅሁ፦ ተላላፊ ነገር የለበትም፣ ለሰውም ለእንስሳም ሕክምና አይውልም፣ ለላቦራቶሪ ምርምር ብቻ ነው፣ መጠኑ 100 ማይክሮ ሊትር ነው። ያለ ክፍያ ጽፈው ላኩልኝ። «ሰነድ የሚቀርበው ዕቃው ከገባ በኋላ ነው» የሚሏችሁን አትስሙ፤ ሁሉንም ወረቀት ሳታዝዙ በፊት በእጃችሁ አድርጉ። ሚያዝያ ላይ ያው መስኮት፣ ያው ሰው፣ በአንድ ቀን አስወጣልኝ። ስለ ጥንቸል ሲጠይቀኝ ወደ ወረቀቱ አመለከትኩት።

አዲሱ ብልቃጥ በረዶው ሳይቀልጥ ጎንደር ደረሰ። ስላይዱን ሠራሁ። ሰማያዊ።

ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ የላቦራቶሪ ባለሙያ አሉ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ከማንም በላይ ስላይድ ያዩ ሰው ናቸው። እስከዚያ ቀን አማክሬያቸው አላውቅም፤ አንቲቦዲ የወጣቶች ነገር ይመስለኝ ነበር። ከማይክሮስኮፑ ቀና ብለው «አድሬናሉስ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«የምን አድሬናል?»

ዝም ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም። የአድሬናል ዕጢ ውስጠኛው ክፍል አድሬናሊን የሚሠራው በዚያው በታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ በኩል ነው፤ ስለዚህ ኢንዛይሙ እዚያ ሞልቷል። ውጭኛው ክፍል የሚሠራው ስቴሮይድ ነው፤ እዚያ የለም። አንዲት ምስር የምታህል ዕጢ «አለ» እና «የለም» የሚሉትን ሁለት ምስክሮች በአንድ ስላይድ ላይ ታቆማለች። ከዚያችው አይጥ፣ በነጻ። እኔ ያቃጠልኳት እርሷን ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከጤነኞቹ አይጦች አድሬናል ሰጠኝ። 24 ሰዓት ፎርማሊን፣ ወዲያው ፓራፊን። በሁለት ስላይድ ሠራሁ፤ አንዱን በአዲሱ፣ ሌላውን ስድስት ቀን መጋዘን ውስጥ በተኛው «ሟች» ብልቃጥ። ሁለቱም እንደ ተቀቀለ እንቁላል ሆነው ወጡ፤ መካከላቸው የተቆላ ገብስ የመሰለ ቡናማ፣ ዙሪያቸው ሰማያዊ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ጽሑፉን ካላየሁ መለየት አልቻልኩም። አንቲቦዲ ጠንካራ ፕሮቲን ነው፤ ጥቂት ቀን መሞቅ አይገድለውም። «ሞቆ ከደረሰ ጣሉት» የሚለውን መመሪያ እኔ አልቀበለውም፤ መጀመሪያ አድሬናል ላይ ሞክሩት።

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አንጎሉ ፎርማሊን ውስጥ ስንት ቀን ቆየ?»

«አንቲቦዲው እስኪመጣ...»

«ቀኑን ነው የጠየቅሁሽ።»

በጣቴ ቆጠርኩ። «አርባ ስምንት።»

«አንቺ ልጅ፣ አንጎል አይደለም የያዝሽው፤ ቆዳ ነው ያለፋሽው።»

ነገሩ በትክክል እንደዚያ ነው። ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ያስተሳስራል፤ አንድ ሁለት ቀን ሲሆን ቅርጽ ይጠብቃል፣ ሰባት ሳምንት ሲሆን አንቲቦዲው የሚይዘውን ቦታ ይቆልፋል። ቁልፉን የሚከፍተው ሙቀት ነው፤ ሺ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 1991 ያሳወቁት ዘዴ። የእኔ ሙቀት ግን 93 ላይ የቆመ ነበር። ቴርሞሜትሮቹ ደኅና ናቸው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባቄላ ለምን ቶሎ አይበስልም ብላ የምትማረር እናት ሁሉ የምታውቀውን እኔ ሁለት ቴርሞሜትር ሰድቤ አላወቅሁትም። ትኩስ ለሆነው አድሬናል 93 በቃው፤ ለለፋው አንጎል አልበቃውም።

አከራዬ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት አላቸው። «እትዬ፣ ለአንድ ቀን ያውሱኝ» ብዬ ወሰድኩት። መጀመሪያ ቀን ቶሎ ከፍቼው የአራት አይጦች ቁራጭ ከመስታወቱ ተላቆ ሲትሬቱ ላይ ተንሳፈፈ። ከዚያ በኋላ እስኪበርድ 20 ደቂቃ መጠበቅ ተማርኩ። በሦስተኛው ቀን መካከለኛው አንጎል ላይ፣ ከግራም ከቀኝም፣ ቡናማ ሕዋሳት ተሰልፈው አየሁ፤ ረጃጅም ክንዶቻቸው ሳይቀሩ። መርዙን ባገኙት አይጦች ሰልፉ ሳስቷል። ጋሼን ጠራኋቸው። አይተው «እህ» ብለው ሄዱ።

ስለ አንቲቦዲው አቀማመጥም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የቀረውን ልገድለው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ሙቀት ካልገደለው መብራት እየጠፋ እየመጣ መቅለጥና መልሶ መርጋቱ ይገድለዋል። በደረሰ ቀን 10 በ10 ማይክሮ ሊትር ከፋፍሉት፤ እኔ 500 ጊዜ አቅጥኜ ስለምጠቀም አንዷ 5 ሚሊ ሊትር ትወጣለች፣ ለሃያ አምስት ስላይድ ትበቃለች። በረዶውን ራሱ በሚያቀልጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡ። ዙሪያውን የረጋ ውሃ በያዙ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ክበቡት፤ መብራት ሲሄድ ሰዓታት ይገዙላችኋል።

ለእትዬ ከቅዳሜ ገበያ አዲስ ድስት ገዛሁላቸው፤ የእርሳቸው ወደ ወጥ ቤት መመለስ አይችልምና። አዲሱ ፉጨቱ ደካማ ነው ብለው አልወደዱትም። በመጡ በሄዱ ቁጥር የአሮጌውን ደኅንነት ይጠይቁኛል።