ድልድዩ ላይ ሆነን ድልድዩን ስንፈልግ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቫን እነዳለሁ። ባለፈው ሐምሌ አንድ ሐበሻ ደንበኛ ደወለልኝ። «እናቴ ከጎንደር መጥታለች፤ ናቹራል ብሪጅን፣ ያን ተፈጥሮ የሠራውን የድንጋይ ድልድይ፣ ላሳያት ፈልጌ ነበር። ጉልበቷን ያማታል፤ ብዙ በእግር የሚኬድ ነገር አለ?»

ስልኬ ላይ ካርታውን ከፈትኩ። 11 ቁጥር መንገድ ድልድዩን ረግጦ ያልፋል። «ኧረ ምንም የለም! መኪናው እስከ ድልድዩ ይደርሳል» አልኩት። ቀና መልስ ያገኘ ደንበኛ ዋጋ ብዙ አይከራከርም፤ እውነቱን ለመናገር እሱም ገፋፍቶኛል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነድተን ስልኩ «ደርሰዋል» አለ። ግራ ቀኙ አጥርና ዛፍ ነው። «ታዲያ ድልድዩ የታለ?» ሲሉኝ እኔም እንደነሱ አንገቴን አሰገግኩ። ለካ እላዩ ላይ እየሄድን ነው!

ሴዳር ክሪክ የሚባል ትንሽ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ከሥር ሲቦረቡረው ኖሮ፣ የዋሻው ጣሪያ ሲደረመስ ሳይወድቅ የቀረችው ቁራጭ ናት ድልድይ የሆነችው። ቁመቷ 65 ሜትር ያህላል። አስፋልቱ ከላይ ያልፋል፤ የምትታየው ግን ታች ወርደው ከወንዙ ዳር ሲያንጋጥጡ ነው። ለመውረድ ደግሞ ትኬት ቆራጯ እንደነገረችን 137 ደረጃ አለ። መውጣቱ አልተቆጠረም።

ደንበኛዬ ምንም ሳይል አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እማማ ምርኩዛቸውን ደረጃው አፋፍ ላይ ተክለው ቁልቁል ተመለከቱና፣ «ሂዱ እናንተ። እኔና ሾፌሩ እዚሁ እንጫወታለን» አሉ።

አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ ሳላጣራ ነው ያመጣሁዎት» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። እኔም የማውቃትን ታህል አወራሁ፦ ቶማስ ጀፈርሰን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1774፣ ድልድዩን ከነዙሪያው መሬት ከእንግሊዙ ንጉሥ በ20 ሺሊንግ ገዝቶት ነበር።

«ድልድይ ይሸጣል እንዴ?» ብለው ሳቁ። የግዛቱ ፓርክ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ስላቸው ደግሞ «ቆይቷላ!» አሉ።

ታች የወረዱት እያለከለኩ ተመልሰው ፎቶ ሲያሳዩዋቸው፣ አንድ በአንድ አይተው ስልኩን መለሱ። «እናንተ ሥሩን አያችሁ። እኔ ረግጬው መጣሁ።»

ከሂሳቡ ግማሹን መለስኩ፤ ደንበኛዬ አልቀበልም ቢል ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። ከዚያ ወዲህ ካርታ አይቼ ቃል አልገባም። ቦታው ድረስ ደውዬ መኪናው ከሚቆምበት ወዲያ ስንት ደረጃ እንዳለ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዶቹ ይገርማቸዋል።

ስንመለስ እማማ ከፊት ተቀምጠው፣ «እስቲ እዚያ ላይ ስትደርስ ቀስ በልልኝ» አሉ። ቀስ አልኩ። አማተቡ። ከኋላችን ያለው ፒክአፕ ጡሩምባውን ለቀቀብን።