የብሮሸሩን ሳሎን በሜትር ስንለካው

ሥራዬ ገና ያልተሠራ ቤት ማሳየት ነው። አርክቴክቱ የነደፈውን ፕላን እቀበላለሁ። ኮምፒውተር ላይ ግድግዳ አቆማለሁ፣ መስታወት እገጥማለሁ፣ ሶፋ አስገባለሁ፣ ፀሐይ አወጣለሁ። ሬንደር የምንለው ይኼን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቢልቦርድ ላይ፣ በቴሌግራም ቻናል፣ በበዓል ፕሮግራም መሀል የምታዩዋቸው የአፓርታማ ምስሎች ብዙዎቹ እንዲህ የተሠሩ ናቸው።

ዓምና የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደወለችልኝ። አዝላ ያሳደገችኝ ናት፤ እታለም ነው የምላት። «አንቺ ልጅ፣ ቤቴን አገኘሁት!» አለችኝ። ወዲያው ብሮሸሩን በቴሌግራም ላከችው። ቅድመ ክፍያውን ልታስገባ ጥቂት ቀን ነው የቀራት። የሌሊት ፈረቃ እየሠራች ለዓመታት ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው።

«ትንሽ ታገሺኝ እታለም። መጀመሪያ ሥዕሉን አብረን እንየው» አልኳት።

ያደረግነውን እዚህ የምጽፈው ምክንያት አለኝ። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከለንደን ሆኖ በስልክ ስክሪን ላይ ቤት የሚገዛ ወገን ብዙ ነው። ሥዕሉ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረው ሰው ግን ብዙ አያገኝም።

የብሮሸሩ ሽፋን ላይ በረንዳ አለ። አንዲት ሴት ስኒ ይዛ የበረንዳውን መደገፊያ ብረት ተደግፋ ቆማለች። ከኋላዋ ሳሎኑ በብርሃን ተሞልቷል። ከፊቷ ዛፍ ብቻ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ፊቷ ላይ አርፋባታለች። ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ሥዕል ነው፤ ባለሙያ እንደነካው ያስታውቃል።

«ከዚህ ሁሉ ምኑን ወደድሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳሎኑን ወይም ማድ ቤቱን ትለኛለች ብዬ ነበር።

«እሷን» አለችኝ። «አትቸኩልም። ሥራ የሚረፍድባት አትመስልም። እኔም እንደዚያ መቆም ነው የምፈልገው።»

ይህን መልስ ስሰማ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምንነጋገረው ነገር ሁሉ ትዝ አለኝ። ሬንደር ላይ ሰው የምናስገባው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለመጠን ነው። ሰውየውን ትንሽ ካሳነስከው ክፍሉ ይገዝፋል። ሁለተኛው ለስሜት ነው፤ ተመልካቹ ራሱን እዚያ እንዲያስቀምጥ። በፊት በፊት ከውጭ የሚመጡ የተዘጋጁ ምስሎችን ስለምንጠቀም የቦሌው በረንዳ ላይ የምትቆመው ሴት ፈረንጅ ነበረች። አሁን አሁን የራሳችንን ሰዎች ፎቶ እያነሳን እናስገባለን። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። ውጤቱ ታዲያ ይበልጥ ኃይለኛ ነው። ከአገሯ ለራቀች ሴት ያ ሥዕል መኝታ ክፍል ብቻ አያሳይም። መመለስን ያሳያታል። ማረፍን ያሳያታል።

ምኞቷ እውነተኛ ነው፤ በላቧ ያመጣችው ነው። ስለዚህ ላጣጥለው አልፈለግሁም። ከግድግዳው እንድትለየው ብቻ ጠየቅኋት። ወረቀት አውጥታ ለሁለት ከፈለችው። በአንዱ በኩል ሕንፃው ሊሰጣት የማይችለውን ጻፈች፦ ከእናቷ ጋር መዋል፣ ጎረቤት፣ ያለ ማንቂያ ደወል መንቃት። በሌላው በኩል ከሕንፃው የምትጠብቀውን ጻፈች፦ ስንት ክፍል፣ የጠዋት ፀሐይ፣ ውሃ ሲጠፋ የሚያደርስ ሮቶ፣ ምጣድ የሚገባበት ማድ ቤት። ሁለተኛውን ዝርዝር ይዘን ወደ ሥዕሉ ተመለስን። ሥዕሉ ስለ ሮቶውም ስለ ምጣዱም ምንም አይልም።

ቀጥሎ ሳሎኑ ነው። እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየን፤ ማታለያው የሚበረታው እዚህ ስለሆነ።

የክፍል ውስጥ ምስል ሲሠራ ሰፊ ሌንስ ነው የሚመረጠው፤ 16 ወይም 18 ሚሊሜትር (ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ የሚያሳየው ቦታ ይሰፋል)። ከሰው ዓይን አተያይ ጋር የሚቀራረበው ግን 50 ሚሊሜትር አካባቢ ያለው ነው። ሰፊ ሌንስ የፊቱን ግድግዳ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ወለሉ ይረዝማል። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከዚህም ያለፈ ነገር ይቻላል። ግድግዳውን አጥፍተህ ካሜራውን ከክፍሉ ውጭ ታቆመዋለህ። ማንም ሰው ሊቆም በማይችልበት ቦታ ማለት ነው፤ ምናልባት ጎረቤት መኝታ ቤት ውስጥ።

ይኼ ነገር ምልክት ይተዋል። የሥዕሉን ጥግ ተመልከቱ። እዚያ ያለ ክብ ነገር፣ ሰሃንም ይሁን የመብራት ሽፋን፣ ክብነቱ ጠፍቶ ሞላላ ይሆናል። እታለምን ምስሉን አጉልታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለችውን ሰሃን እንድታይ አደረግኋት። «ውይ፣ ተጎትታለች እኮ!» አለች። ሰሃኗ ከተጎተተች ግድግዳውም አብሮ ተጎትቷል።

አደልበርት ኤምስ የሚባል አሜሪካዊ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ የተዛባ ክፍል ሠርቶ ነበር። አንደኛው ጥግ ከሌላኛው በጣም የራቀ ነው፤ ጣሪያውና ወለሉም ያዘመሙ ናቸው። በአንዲት ቀዳዳ በአንድ ዓይን ሲያዩት ግን የተለመደ አራት ማዕዘን ክፍል ይመስላል። ሁለት እኩል ሰዎች በሁለቱ ጥግ ቢቆሙ አንዱ ግዙፍ፣ አንዱ ድንክ ሆኖ ይታያል። ቀዳዳዋን ትቶ ወደ ጎን ፈቀቅ ያለ ሰው ወዲያው ይነቃበታል። የማስታወቂያ ምስልም አንዲት ቀዳዳ ናት። ወደ ጎን ፈቀቅ እንድንል ስለማይፈቅድልን፣ ፈቀቅ የምንልበትን መንገድ ራሳችን መፈለግ አለብን።

እኛ ያገኘነው መንገድ ሴራሚኩ ነበር። ከሽያጭ ክፍሉ ልኬት የተጻፈበትን ፕላን እንድትጠይቅ ነገርኳት። መጀመሪያ ያንኑ ብሮሸር ደግመው ላኩላት። ስትወተውታቸው ፕላኑ መጣ። የሳሎኑ ስፋት 3.60 ሜትር ይላል። የፊኒሽንግ ዝርዝሩ ላይ የወለሉ ሴራሚክ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስድስት ሴራሚክ ነው መሆን ያለበት። ሥዕሉ ላይ ስንቆጥር ዘጠኝ ሆነ። ወይ ሴራሚኩ እንዲያንስ ተደርጓል፣ ወይ ክፍሉ ተለጥጧል። ሶፋውም እንደዚያው ነው። ከበሩ ጋር ሳስተያየው የአሥር ዓመት ልጅ የሚተኛበት እንኳ አይሆንም።

«እሺ፣ ገባኝ» አለች እታለም። ትንሽ ቆይታ ግን «ልኩን እያወቅሁት እንኳ ሳየው ይሰፋብኛል» አለችኝ።

ልክ ናት። ይህ የሷ ድክመት አይደለም። ሙለር ላየር የተባለው ጀርመናዊ በ1889 (እ.ኤ.አ.) ያሳየው የሁለት መስመሮች ሥዕል አለ። መስመሮቹ እኩል ናቸው። የአንዱ ጫፎች ቀስት ወደ ውስጥ፣ የሌላው ወደ ውጭ ስለሆነ አንዱ ይረዝምብናል። በማስመሪያ ለክተን እኩል መሆናቸውን ካረጋገጥን በኋላም መርዘሙን አይተውም። ዓይን በክርክር አይረታም። በሥራዬ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ ለዚህም ነው «ማስታወቂያ መሆኑን አውቃለሁ፣ አልታለልም» ሲሉኝ የምሰጋው።

ስለዚህ ሰውነቷ እንዲለካው አደረግን። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማዋ ውስጥ ዕቃውን ገፍታ ወለሉ ላይ የቀለም ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ለጠፈች። 3.60 በ4.20 ሜትር፤ በጫማ 12 በ14 ገደማ ማለት ነው። ከዚያ የሶፋውን፣ የቴሌቪዥኑንና የምግብ ጠረጴዛውን ቦታ ለጠፈች። ልጆቿን ጠርታ መሀል አስቀመጠቻቸው። እኔ በቪዲዮ አያለሁ። ሶፋና ጠረጴዛው መሀል ስታልፍ ወደ ጎን መዞር ነበረባት።

«ቡና ሲፈላ ረከቦቱ የት ሊቀመጥ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ብሮሸሩን ካየች ጊዜ ጀምሮ ስለ ቤቱ የጠየቀችው የመጀመሪያው እውነተኛ ጥያቄ ይመስለኛል። በዚያው ሌላም ነገር ተገለጠ። 105 ካሬ የተባለው ቤት ኮሪደሩንና ደረጃውን፣ የጋራ ቦታ ድርሻውን ጨምሮ ነው። በሯን ዘግታ የምትኖርበት 82 ካሬ ነው።

ፀሐይዋን ለማየት እኔው ሳይቱ ድረስ ሄድኩ። ስልኬ ላይ ያለውን ኮምፓስ ከፍቼ ከፕላኑ ጋር አስተያየሁት። በረንዳው የሚያየው ወደ ሰሜን ነው። ሽፋኑ ላይ ግን ፀሐይ የምትጠልቀው ከበረንዳው ፊት ለፊት ነው። ብሮሸሩ ላይ ፀሐይ በሰሜን ትጠልቃለች ማለት ነው!

ይህ ለውበት ብቻ የሚነሳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በበጋው ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። ከጥቅምት እስከ ጥር ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ቀጥተኛ ፀሐይ ጨርሶ አያገኝም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። የልብስ ማድረቂያ፣ የሕፃን ማሞቂያ፣ የሽማግሌ መቀመጫ የሆነችውን የጠዋት ፀሐይ ያ በረንዳ አያያትም።

ዛፎቹስ? ዛፍ በተሣለበት ቦታ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬት ነው ያለው። ዘበኛውን ሰላም ብዬ ጠየቅኋቸው። «እዚህም ፎቅ ሊወጣ ነው፤ ባለቤቱ ፕላን አስጸድቋል አሉ» አሉኝ። ሥዕሉ ስለ ጎረቤት መሬት ቃል አልገባም። ዓይናችን ግን ቃል ተገብቶልኛል ብሎ ተቀብሎታል።

ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ስለዚህ ስንነጋገር «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው፤ ከሥር 'ምስሉ ለማሳያ ብቻ ነው' ተብሎ ተጽፏል» ይሉኛል። አሜሪካኖች በዚህ ነገር ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። አንድ የመላጫ ክሬም ማስታወቂያ ክሬሙ የብርጭቆ ወረቀትን እንኳ እንደሚያስላጭ በቴሌቪዥን ያሳይ ነበር። የታየው ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ፕላስቲክ ነው። እውነተኛው ወረቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ካልተነከረ አይላጭም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1965 (እ.ኤ.አ.) ተመልካቹ እውነተኛውን ነገር እያየሁ ነው ብሎ ስላመነ፣ ሳይነገረው ሌላ ነገር ማሳየት ማሳሳት ነው አለ። በዚያው ዘመን መጨረሻ ደግሞ የካምቤል ሾርባ ማስታወቂያ አከራክሮ ነበር። ሳህኑ ውስጥ ከሥር የመስታወት ብይ ተደርጎ አትክልቱ ወደ ላይ እንዲወጣና የበዛ እንዲመስል ተደርጓል። አትክልቱ የሾርባው የራሱ ነው፤ ምስሉ ግን ያሳስታል። የኛ ሰፊ ሌንስም እንደዚያ ብይ ነው ብዬ አምናለሁ። ክፍሉ አለ፤ ያ ስፋት ግን የለም።

በእኛም አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሕጉን ሳነበው ግን ስለ ሌንስ ማንም ይከራከራል ብዬ አልጠብቅም። ስለዚህ በእጄ ያለውን አደርጋለሁ። አሁን ለደንበኞቼ ምስል ሳስረክብ አንድ ተጨማሪ አብሬ እሰጣለሁ፤ ካሜራው ክፍሉ ውስጥ፣ በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ፣ ዕቃው በትክክለኛ ልኩ። አንዳንዱ ይቀበለዋል። አንዳንዱ «ይኼን አናወጣውም» ይለኛል። እኔ ግን መስጠቴን አልተውም።

እታለም ሌላ ቤት ገዛች። እዚያው ሕንፃ ላይ፣ በደቡብ በኩል፣ ከመጀመሪያው የሚያንስና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት። ብሮሸሩ ላይ ፎቶ እንኳ አልተሰጠውም። ዋጋውም ቀነሰላት። ልኬት ያለው ፕላንና የፊኒሽንግ ዝርዝሩ በሁለቱም ወገን ተፈርሞባቸው ከውሉ ጋር እንዲያያዙ ጠየቀች። ሻጮቹ መጀመሪያ «አልተለመደም» አሏት፤ በኋላ ፈረሙ። የምጣዱ የኤሌክትሪክ መስመር ለብቻው እንዲዘረጋም በዝርዝሩ ውስጥ አስገባች።

አሁን የሥራ ባልደረቦቿ ብሮሸር ይልኩልኛል። የሁሉንም ቤት ለክቼ አልችልም። ስለዚህ መልሼ የምጠይቃቸው ያው ነው፦ ልኬት ያለው ፕላን የታለ? ሰሜን በየት በኩል ነው? ሴራሚኩ ስንት በስንት ነው? በዚህ ሳምንት የመጣልኝ አንዱ ፕላን ላይ የሰሜን ቀስት የለበትም። ሻጮቹ እንዲያስገቡበት ጻፉላቸው ብያለሁ፤ መልስ እየጠበቅን ነው።