ዛሬ ሦስቴ ሸንቷል

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው አጉረመረመና ውሃ መጣ። የፈረቃችን ቀን እንኳ አይደለም። ባልዲ ልደቅን ስነሳ ድመቴ ጋሼ ቀድሞኛል፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚወርደው ውሃ እየላሰ ነው። የጀሪካን ውሃ እኮ አሽትቶ ጥሎት ይሄዳል፣ ኩሩ!

ከሦስት ሳምንት በፊት ይሄን ባየሁ። አሸዋው ላይ ቁጢጥ ይላል፣ ያምጣል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ጠብታ የለም። እማዬ በስልክ "ሆዱ ደርቆ ነው፣ ዘይት ስጪው" አለችኝ። ማንኪያ ይዤ አልጋ ሥር ለአልጋ ሥር ሳሳድደው ዋልኩ። በማግስቱ ማስመለስ ሲጀምር ነው የደነገጥኩት። ሐኪሙ ሆዱን አንዴ ዳበሰና ዝም አለ። ፊኛው ጠጥሯል። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ በጣም ቀጭን ነው፤ እንደ አሸዋ ያለ ደቃቅ ነገር ከዝልግልግ ፈሳሽ ጋር ተጋግሮ ይወትፈዋል። ሴቷም ፊኛዋን ያማታል፣ እንዲህ መዘጋት ግን እምብዛም አያገኛትም። ሽንቱ መውጫ ካጣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል፣ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ልብ ይቆማል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል አለኝ። አደንዝዞ በቀጭን ቱቦ ከፈተለት።

የዘይቱን ነገር አልነገርኩትም።

"ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ?" ሲለኝ የጨዋታ መስሎኝ ነበር። ለካ የምሩን ነው። ወጣት ድመት ላይ የሽንት ኢንፌክሽን ብዙም አይገኝም፤ ዕቃ ሲነሳ፣ ሰው ሲመጣ፣ ሰው ሲሄድ በጭንቀት ብቻ ፊኛቸው ይቆጣል አለኝ። "የለም" አልኩት። ሶፋውና ቴሌቪዥኑ የወጡት በዚያው ወር ነው። ባለቤታቸውም።

እኔ እንደሆንኩ አላለቀስኩም። አንድ ቀን ከሥራ አልቀረሁም። "ጠንካራ ነሽ" ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ታዲያ ቤቱ ውስጥ የታመመው ማን ነው? ስድስት ኪሎ የማይሞላ ድመት። መቼም የእኔን ድርሻ ነው የታመመልኝ ማለት ይከብዳል፣ ግን አልኩት።

መያዝስ እችልበታለሁ። ቢሮ ሽንት ቤቱ ውሃ ስለሌለው ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አስራ አንድ ተኩል እይዛለሁ። ላለመሽናት ብዬ አልጠጣም። ለጋሼ ጨው የሌለው መረቅ እየቀቀልኩ፣ ምግቡን በውሃ እያራስኩ፣ ስንቴ እንደሸና ደብተር ላይ እየመዘገብኩ፣ ለራሴ አንድ ብርጭቆ አላነሳም። ለእኔ የሚመዘግብልኝ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ምን ይጽፍ ነበር?

ጋሼ ወርዷል። እግሬ ሥር ጢሙን እየላሰ ነው።

ቧንቧው መቼ ነው ዝም ያለው? ባልዲው እጄ ላይ ነው፣ ባዶውን።