ካቡን ትቶ አፈሩን ማንበብ፦ ከገራዶ ተዳፋት የተማርኩት

ሰላም ወዳጆች። ስለ ጥንት ገበሬዎች ሰፈርና ስለ እርሻ ወሰኖቻቸው ማንበብ ከጀመርኩ ቆየሁ። በቅርቡ ደግሞ ከንባብ ወጣ ብዬ ደሴ ዙሪያ ያለውን ተዳፋት በእግሬ እያየሁ ነው። እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ አብዛኞቻችን ዓይናችን የሚያርፈው ድንጋዩ ላይ ነው። ዕድሜውን የሚናገረው ግን ከድንጋዩ ሥርና ከጀርባው ያለው አፈር ነው።

ሥራዬ ቅየሳ ነው። ቀን ቀን የዛሬ ሰው ወሰን ስለካ እውላለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ቀልቤን የሳበው የዳርትሙር ጉዳይ ቢሆን አይገርምም። ዳርትሙር በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለ ደጋማ ቦታ ነው። እዚያ ሣር የለበሱ ዝቅ ያሉ የድንጋይ መስመሮች ጎን ለጎን ሆነው ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛሉ። የአገሬው ሰው ሪቭ ይላቸዋል። አንድሩ ፍሌሚንግ የተባለ አርኪዮሎጂስት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየተከተለ ካርታቸውን አነሳ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1500 ዓመት ገደማ፣ በነሐስ ዘመን የተሠሩ የእርሻና የግጦሽ ወሰኖች መሆናቸው ታወቀ።

እኔን ያስደነቀኝ ቀጥ ማለታቸው ነው። ሸለቆ ቢመጣ፣ ኮረብታ ቢመጣ ብዙም አይጠመዘዙም። ቀያሽ ይህን ሲያይ የሚያስበው ወዲያው ነው፤ ከካቡ በፊት ስምምነት ነበረ። ሁሉም በየፊናው ቢክብ ኖሮ መስመሩ የመሬቱን አቀማመጥ እየተከተለ ይጠማዘዝ ነበር። ያኔ ጽሕፈት የለም፣ ካርታ የለም። ግን ተሰብስበው ተነጋግረዋል፣ አቅጣጫም መርጠዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል።

ከዚያ የወሰድኩት ዘዴ ቀላል ነው። ሁለት ካብ የሚገናኙበትን ነጥብ እዩ። አንዱ መጥቶ ሌላው ላይ ይቆማል። መጥቶ የቆመው የኋላው ነው፤ ያስቆመው የፊተኛው ነው። ዓመተ ምሕረት አይሰጥም፣ ቅደም ተከተል ግን ይሰጣል።

ወደ አፈሩ የመለሰኝ ሴይድ ፊልድስ ነው፤ አየርላንድ ውስጥ ማዮ በተባለ አውራጃ። የአካባቢው ሰው የረግረግ አፈር ቆርጦ እንደ ኩበት ያደርቅና ቤቱን ያሞቅበታል። ሲቆርጥ ከሥር የተደረደረ ድንጋይ ያገኛል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓትሪክ ኮልፊልድ የተባለ መምህር ድንጋዮቹ ከረግረጉ በታች መሆናቸውን ልብ አለ። ረግረጉ ሳይፈጠር በፊት የካበ ሰው ነበር ማለት ነው። ልጁ ሼመስ አርኪዮሎጂ ተምሮ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጥናቱን ገፋበት። አብዛኛውን ካብ ያገኙት ደግሞ ሳይቆፍሩ ነው። ረጅም የብረት ዘንግ በየተወሰነ ርቀት ወደ ረግረጉ ይሰካሉ። ዘንጉ ቶሎ ድንጋይ ከነካ ካብ አለ፤ ዝም ብሎ ጠልቆ ከሄደ የለም። ዕድሜው ብዙ ጊዜ 5500 ዓመት ገደማ ይባላል። በቅርብ ዓመታት ግን ዘግይቶ የተሠራ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ተነስተዋል።

አሁን ወደ ቤታችን። ተዳፋት ላይ የሚታረስ አፈር ሁልጊዜ ቁልቁል ይሄዳል። ከፊሉን ማረሻው ይገፋዋል፣ ከፊሉን ዝናቡ ይወስደዋል። መንገዱ ላይ ካብ ወይም ያልታረሰ የሣር ወሰን ካገኘ ይቆማል። ዓመት በዓመት ከወሰኑ በላይ አፈር ይከመራል፣ ከወሰኑ በታች ይሳሳል። እንዲህ እያለ ደረጃ ይፈጠራል። ድንጋዩ ተለቅሞ ለቤት መሠረት ቢወሰድ እንኳ ደረጃው ይቀራል። ከሩቅ ሲታይ ተራ ጉብታ ይመስላል፤ ግን ወሰን ነበር።

ደሴ አጠገብ፣ ገራዶ ውስጥ ቦረቦር የሰነጠቀው አንድ ማሳ አለ። ጎርፉ ካቡን ለሁለት ከፍሎት አልፏል፤ ስለዚህ ማንም ሳይቆፍር ውስጡ ይታያል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ከታች ጥቁር፣ ጠጠር የሌለው አፈር አለ። ከሱ በላይ ቡናማ አፈር ከደቃቅ ጠጠር ጋር፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ ተከምሯል። ካቡ የተቀመጠው ጥቁሩ ላይ አይደለም፤ ቡናማው ላይ ነው። ይህ ምን ማለት ነው? ሰው ካቡን ሲክብ ከላይ የመጣ አፈር ቀድሞ ተከምሮ ነበር። ከዚህ ካብ በፊት አፈሩን ያስቆመ ሌላ ነገር እዚያው ኖሯል፤ ምናልባት የሣር ወሰን፣ ምናልባት ቁጥቋጦ። እዚያ ቆሜ ብዙ ጊዜ አሳለፍኩ። ወሰኑ አንድ ነው፣ ካቡ ግን ተለዋውጧል።

አጠገቡ ለሚያርሱ አንድ አባት ሰላምታ ሰጥቼ፣ «አባባ፣ ይሄን ካብ ማን ካበው?» አልኳቸው።

«ይሄንንማ እኛው ነን ልጄ፤ በደርግ ጊዜ፣ በስንዴና በዘይት» አሉኝ። ከዚያ በዱላቸው ወደ ታች አመለከቱ። «ያ የታችኛው ግን አባቴም ደርሶበት ነው።»

ወሎ ላይ ይህ ጥያቄ ግዴታ ነው። ከ1966ቱ ድርቅ ወዲህ ለሥራ እህል እየተከፈለ ብዙ እርከን ተሠርቷል። ጉግል ኧርዝ ላይ የሚያምሩት ረጃጅም እርከኖች አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ሥራ ቢሆኑ አይግረማችሁ። የቆዩት አጠር ያሉ፣ የተቆራረጡ፣ ወሰን ከወሰን የሚያገናኙ ናቸው የሚል ግምት አለኝ።

ስለ ማረሻም አንድ ነገር። እንግሊዝ ውስጥ ኤቭበሪ አቅራቢያ ሳውዝ ስትሪት የሚባል የጥንት መቃብር ጉብታ አለ። ሲቆፈር ከሥሩ በነጩ ኖራ ድንጋይ ላይ የማረሻ ጭረት ተገኘ፤ አንዱ መስመር ሌላውን አቋርጦ። ዕድሜው ከ5000 ዓመት በላይ ነው። የኛም ገበሬ ሁለተኛውን እርሻ የመጀመሪያውን አቋርጦ ነው የሚያርሰው። ምክንያቱም አንድ ነው፤ እንዲህ ያለ ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገለብጠውም፤ በትልሞቹ መካከል ሳይነካ የቀረውን ለማግኘት ማቋረጥ ያስፈልጋል። በሁለት አቅጣጫ የሚታረስ ማሳ ደግሞ ርዝመቱና ስፋቱ ይቀራረባል። የማሳው ቅርጽ ራሱ መሣሪያውን ይናገራል።

በካብ ያልተያዘው አፈርስ የት ሄደ? ለዚህ ነው ቀጣዩ ጉዞዬ ስሙ ራሱ ሐይቅ ወደሆነው የወሎ ሐይቅ የሆነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ዙሪያውን ታጥቦ የገባ አፈር እዚያው ይተኛል። ተመራማሪዎች ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ሥር ደለል አውጥተው የአበባ ብናኝና የከሰል ቅንጣት ቆጥረዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። መጀመሪያ የዝግባና የጥድ ደን ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ደኑ ተመነጠረ፤ በምትኩ ክትክታና ሣር መጣ። ይህም 1800 ዓመት ያህል ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 (እ.ኤ.አ.) ጥድና ወይራ እንደገና ተስፋፋ፣ ከዚያ ወዲህ ምንጠራውና የአፈር መታጠቡ ባሰ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከመመሥረቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት እነዚህን ኮረብታዎች የመነጠረ ሕዝብ ነበር ማለት ነው። ቤቱ የት ነበር? ወሰኑስ በየት በኩል ያልፍ ነበር? ብናኙ ይህን አይናገርም። ምሥራቅ ትግራይ ውስጥ መዝበር በተባለው ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ገደማ ጀምሮ የኖረ የገበሬ መንደር ተቆፍሮ ተጠንቷል። ለወሎም እንዲህ ያለ ቀን እንዲመጣ ከልቤ እመኛለሁ።

ለመሞከር ለምትፈልጉ፦ ሰዓቱ ለውጥ ያመጣል። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በቀትር የማይታይ ጉብታ ጥላ ይጥላል። ገብስ ሊደርስ ሲልም ተመልከቱ፤ ከሥሩ ድንጋይ ያለበት ቦታ ቀድሞ ቢጫ ይሆናል፣ የተደፈነ ቦይ ያለበት ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። መቆፈር ግን በፍጹም። ያለ ፈቃድ መቆፈር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከዚያም በላይ አንዴ የተገለበጠ አፈር ተመልሶ አይነበብም። የሸክላ ስባሪ ብታዩ እንኳ ፎቶ አንሱና ባለበት ተዉት፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ንገሩ።

መኸር ሲሰበሰብ፣ ጥር ላይ፣ ከሐይቅ በላይ ያለውን ተዳፋት ልጀምር አስቤያለሁ። ኮምቦልቻና ኩታበር አካባቢ ያላችሁ እስከዚያ አባቶችን ጠይቁልኝ፤ የትኛውን ካብ ራሳቸው እንደካቡ፣ የትኛውን ደግሞ አባታቸው ደርሶበት እንደሆነ። ከቦታው ስም ጋር ጻፉት።