የማንግሮቭ ተመራማሪ እንዴት ይሠለጥናል? ጋዚ ላይ ያየሁት

ማንግሮቭ፣ ማለትም የባሕር ውኃ በሚመላለስበት የጠረፍ ጭቃ ላይ የሚበቅል ደን፣ ስለሚጠበቅበት መንገድ በሚቀርቡ ዘገባዎች ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ስንት ችግኝ እንደ ተተከለ ነው፤ ከዓመት በኋላ ስንቱ እንደ ጸደቀ የሚናገሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ይህን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው ዝርያዎቹን ለይቶ የሚያውቅ፣ ወደ አንድ ቦታ ደጋግሞ የሚመለስና ያየውን ሳያዛባ የሚመዘግብ ሰው በመሆኑ፣ ለማንግሮቭ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ለወጣት ተመራማሪዎች ሥልጠና የሚውለው የበለጠ ፍሬ ያፈራል ብዬ አምናለሁ። እዚህ እምነት ላይ ያደረሰኝ ከሞምባሳ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የኬንያ መንደር፣ በጋዚ፣ በሥልጠና ያሳለፍሁት ጊዜ ነው። በአገራችን ሥነ ሕይወት የተማርን ሰዎች የውኃ ጥናትን የምንለማመደው በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ስለሆነ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ጨዋማ ውኃ የሚገባበትን ደን ከዚያ በፊት የማውቀው በመጽሐፍ ብቻ ነበር።

የጋዚ ደን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለፋብሪካ ማገዶ ክፉኛ ተጨፍጭፏል። የኬንያ የባሕርና የዓሣ ሀብት ምርምር ተቋም ባለሙያዎች፣ በተለይም ዶክተር ጄምስ ካይሮ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የተራቆተውን ቦታ መልሰው ሲተክሉና የተተከለውን ሲከታተሉ ኖረዋል። ሠልጣኝ እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው ባዶ ጭቃ ሳይሆን ዕድሜው የታወቀ ዛፍና የብዙ ዓመት መዝገብ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ዝርያን ከመለየት ነው። በኬንያ ጠረፍ ዘጠኝ የማንግሮቭ ዝርያዎች ይገኛሉ፤ አቀማመጣቸውም ባሕሩ በሚሞላበት ከፍታና በሚቆይበት ጊዜ ይወሰናል። ሶኔራቲያ አልባ ወደ ባሕሩ ጠርዝ ይቆማል፣ ራይዞፎራ ሙክሮናታ ከኋላው ይከተላል፣ ሴሪዮፕስ ታጋል ወደ የብሱ ጠጋ ይላል። አቪሴኒያ ማሪና ግን በባሕሩ በኩልም በየብሱ በኩልም ይገኛል፤ ስለዚህ የአቀማመጡን ቅደም ተከተል በቃሉ የያዘ ተማሪ አቪሴኒያው ጋ ሲደርስ ግራ ይጋባል፣ ቅጠሉንና ሥሩን ራሱ ለማየትም ይገደዳል። በአካባቢው ተወልደው ያደጉት አስጎብኚዎች እያንዳንዱን ዛፍ በስዋሂሊ ስሙ ጠርተው ለጀልባ፣ ለቤት ማገርና ለማገዶ የትኛው እንደሚመረጥ ሲያስረዱ መስማት የሥልጠናው አካል ነው፤ የትኛው ዝርያ በብዛት እንደሚቆረጥ ከዚያ ይታወቃልና።

ከባዱ ክፍል ልኬት ነው። የአንድ ዛፍ ግንድ ውፍረት በተለምዶ የሚለካው ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የራይዞፎራ ግንድ ግን በቅስት መልክ ወርደው ጭቃው ውስጥ በሚተከሉ ሥሮች ተደግፎ ስለሚቆም፣ በዚያ ከፍታ ላይ ሜትሩን ቢጠመጥሙት ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሥር ጥልፍልፍ ነው። ስለዚህ ከላይኛው ሥር 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መለካት ተለምዷል። ከሠልጣኞቹ መካከል አንዱ ከዚህ መስመር በላይ፣ ሌላው በታች ከለካ፣ ዛፉ በወረቀት ላይ ከዓመት ዓመት ሲቀጥን ሊታይ ይችላል። የሚለካበትን ቦታ በቀለም ማመልከትና በደብተር መጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የደኑ ዕድገትና ደኑ አምቆ የያዘው የካርበን ስሌት በዚህች የቀለም ምልክት ላይ ይቆማሉ።

ብዙ ሥልጠናዎች ዛፉ ላይ ያበቃሉ፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። የማንግሮቭ ብዝኀ ሕይወት አብዛኛው ጭቃው ውስጥ ነው። ሸርጣኖች የወደቀ ቅጠል ወደ ጉድጓዳቸው ጎትተው ያስገባሉ፣ በቁፋሯቸውም አየር አልባ ለሆነው አፈር አየር ያስገኛሉ፤ ደግሞም ከእናት ዛፉ ላይ ሳለ በቅሎ የሚወድቀውን ቡቃያ እየበሉ የትኛው ዝርያ እንደሚጸድቅ ይወስናሉ። በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ያሉትን የሸርጣን ጉድጓዶች እየቆጠረ ያልተንበረከከ ሰው ችግኞቹ ለምን እንደ ጠፉ ሲጠየቅ መልስ ያጥረዋል። በኬንያ ጠረፍ የሶኔራቲያን ቅርንጫፍ ሰርስረው የሚያደርቁ ነፍሳት ጥፋት የታወቀውም የደረቀውን ቅርንጫፍ ሰንጥቀው ውስጡን በተመለከቱ ተመራማሪዎች ነው።

የጋዚና የጎረቤቷ መንደር የማኮንጌኒ ነዋሪዎች ሚኮኮ ፓሞጃ በሚባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ 117 ሄክታር ማንግሮቭ እየጠበቁ ካርበን ይሸጣሉ፣ ማለትም ደኑ አምቆ ለሚይዘው ካርበን ክፍያ ያገኛሉ፤ ገንዘቡ ለትምህርት ቤትና ለንጹሕ ውኃ ውሏል፣ ፕሮጀክቱም በ2017 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለአካባቢ ማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። ልኬቱ ሲበላሽ የመንደሩ ገቢ አብሮ ስለሚናጋ፣ የሚለኩት ወጣቶች የዚያው አካባቢ ልጆች መሆናቸው ተገቢ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ሠልጣኝም መረጃውን እዚያው ሊተው ይገባል።

የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሰጥቶ የምስክር ወረቀት ማደል ጅምር እንጂ ሥልጠና ሊባል አይገባውም። ባሕሩ ከመጠን በላይ በሚቆይበት ጭቃ ላይ የተተከለ ችግኝ ለጊዜው ቆሞ ይታያል፤ መሞቱ የሚታወቀው ተመልሶ ለሚቆጥረው ነው፣ በፊሊፒንስ በርካታ ተከላዎች የከሸፉትም እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱ መለኪያ ቦታ ይሰጠው፤ ሥልጠና የሚያቅዱ ሰዎችም ሠልጣኙ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ወደዚያው ቦታ የሚመለስበትን የመጓጓዣና የማረፊያ ወጪ ገና በመጀመሪያው በጀት ላይ እንዲይዙ አጥብቄ እጠይቃለሁ።