የባልዲው ውሃ አልጎደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ልጆቼ በጤና ሰኔን ካዩ በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ነበር። ሰኔ አልፎ ድፍን ዓመት ሞላው፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ግን ያ የጥር ሌሊት እየመጣ እጄን ይይዘዋል።

ያለነው ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ነው፣ ደጋው ላይ። ገብስ፣ በግና ፈረስ ነው ኑሯችን። እዚህ ልጅ አምስት ዓመት ሳይሞላው ጠቦት ይጠብቃል፣ በሰባት ዓመቱ ከትልቅ ሰው ፊት ተቀምጦ ጋማ ይይዛል፣ ዐሥር ሲሆነው ኮርቻ መጫን ይማራል። ሦስቱም ልጆቼ ፈረስ የሚቀርቡበትን ሥርዓት ከፊደል በፊት ነው ያወቁት። ከኋላ አትምጣ፤ በግራ በኩል፣ ድምፅህን እያሰማህ ወደ ትከሻው ቅረብ። ገመዱን እጅህ ላይ አትጠምጥም፣ ከደነበረ ጣትህን ይዞት ይሄዳል። የሆዱን ጠፍር ሁለት ጊዜ አጥብቅ፤ ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል፣ ጥቂት ከሄደ በኋላ ይላላል። እርካቡን በእግርህ አውራ ጣት ብቻ ያዝ፤ እግርህ ሙሉውን ከገባ ስትወድቅ እየጎተተ ይወስድሃል። ገብስ በመዳፍህ ስታበላው ጣቶችህን ዘርግተህ ግጠማቸው፣ ካልሆነ ከገብሱ ጋር ይነክሳቸዋል።

ይህች የመጨረሻዋ ናት ያቃጠለችኝ። የደጋ ልጅ እጅ በብርድ የተሰነጣጠቀ ነው። ጥር ላይ የታናሹ ልጄ መዳፍ እንደ ደረቀ መሬት ተሰንጥቆ ከስንጥቁ ደም ይታይ ነበር። በዚያ እጁ ጠዋት ማታ ፈረሳችንን ዳማውን ያበላዋል፤ ዳማውም ገብሱ ካለቀ በኋላ ጨዉን ፍለጋ መዳፉን ይልሰዋል። ልጁ ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን።

አሁን ስለ ውሻው ልናገር። ኅዳር መጨረሻ ላይ የማናውቀው ውሻ በጠራራ ፀሐይ ወደ ከብቶቹ ገባ። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ጭራውን በእግሮቹ መሃል ቀርቅሯል፣ የሚሮጠው እንደ ሰካራም ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ ገደለው። ሁላችንም ልጆቹን ገለባበጥን፤ እጅ፣ እግር፣ ሰው አልተነከሰም። «ተመስገን» ብለን ገባን። ዳማው የኋላ እግሩ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ሁለት ጥርስ እንዳረፈበት ያየችው ትልቋ ልጄ ናት። በሳምንቱ ቁስሉ ሲደርቅ እኔም እረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። ያበደ ውሻ ግቢ ከገባ ከሰው ጋር ከብቱም፣ በጉም፣ ፈረሱም፣ የራስ ውሻም ይቆጠራል። የተነከሰው ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ተውሳክ የስብ ሽፋን ስላለው ሳሙና ይገድለዋል። ከዚያ የእንስሳት ሐኪም ይጠራል። እኔ አንዱንም አላደረግሁም።

ጥምቀት ደረሰ። ዳማው ግላሱን ለብሶ ታቦት አጅቦ ዋለ፣ ትልቋ ልጄ ላዩ ላይ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ማታ ከመስክ ሲገባ የኋላ እግሩን ሲያነቅፈው አየሁ። ደክሞት ነው አልኩ።

ሌሊቱ የጀመረው ያኔ ነው።

ልጆቹ በልተው ሊተኙ ሲሉ ከጋጣው ድምፅ መጣ። ስንወጣ ዳማው ተጋድሞ ይንከባለላል፣ ይነሣል፣ ሆዱን ዞሮ ያያል። ይህ ምልክት ለማንኛውም ፈረስ አርቢ ሆድ ቁርጠት ነው። እኔም የማውቀውን ሁሉ ያዝኩ፤ ማወቄ ነው ጉድ የሠራኝ። ጆሮዬን ጎኑ ላይ ለጥፌ የአንጀቱን ድምፅ ሰማሁ፣ ዝም አላለም። ከመንጋጋው ስር የሚመታውን ሥር በጣቴ ይዤ በስልክ ሰዓት ቆጠርኩ። ያረፈ ትልቅ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ የሱ 60 አልፎ ነበር። ከንፈሩን ገልጬ ድዱን ተጫንኩ፣ ቀለሙ እስኪመለስ አየሁ። መካከለኛው ልጄ ልባቡን ይዞ ይጎትታል፣ ትልቋ ባትሪ ታበራለች፣ ታናሹ አልተኛም ብሎ ጋቢ ለብሶ አጠገቤ ቆሟል።

ከዚያ ምራቁ መውረድ ጀመረ። ረዥም፣ እንደ ክር የሚንጠለጠል። ሲጎርስ ይወድቅበታል፣ በአፍንጫው ደግሞ አረንጓዴ ነገር ይመለሳል። ፈረስ አያስመልስም፤ መብል ጉሮሮው ላይ ከቆመ በአፍንጫው ነው የሚመጣው። «አንቆታል» አልኩና እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን እስከ ክንዴ አፉ ውስጥ ከተትኩ። ምላሱን በጎን ይዤ ፈለግሁ፤ ምንም የለም። መካከለኛው ልጄ በሁለት እጁ መንጋጋውን ከፍቶልኝ ነበር። ያ ምራቅ ሁላችንንም አራሰን።

ባለቤቴ ውሃ በባልዲ አመጣች። ዳማው እንደ ጠማው ሰው አፉን ነክሮ ይቆያል፣ ጉሮሮውን ያንቀሳቅሳል፣ ይጠባል። ቀና ሲል ግን ውሃው እንደነበረ ነው። ባልዲው ውስጥ በኩል ዝገት የሠራው መስመር አለ፤ ባትሪውን አብርቼ አየሁ፣ ውሃው መስመሩ ላይ ነው። እንደገና ነከረ፣ እንደገና ቆየ። መስመሩ ላይ። ያንን መስመር እስክሞት አልረሳውም።

እዚህ ላይ ጎረቤታችንን ላመስግን። እስላም ናቸው፣ ሽማግሌ፣ ድምፁን ሰምተው ዱላቸውን ይዘው የመጡ። እርሳቸው ከደጅ ቆመው አዳመጡ፣ አልገቡም። ዳማው ሲያሽካካ ድምፁ ሻክሮ እንደ ተሰነጠቀ ነገር ይወጣል።

«አንተ ልጅ፣ እጅህን አውጣ» አሉኝ። «ይሄ ቁርጠት አይደለም። በሬዬን የወሰደው ይሄው ነው፤ እሱም ድምፁ ነው ቀድሞ የሄደው። ልጆቹን ከዚያ አርቅ። አላህ ይድረስላችሁ።»

በዚያው ቅጽበት ዳማው አንገቱን አዙሮ የዱሮውን የውሻ ንክሻ በጥርሱ መቦጨቅ ጀመረ። ትልቋ ልጄ ባትሪውን እግሩ ላይ አድርጋ «አባዬ፣ ውሻው የነከሰው ቦታ እኮ ነው» አለች። ሁላችንም ዝም አልን።

ትልቋ ልጄ እንደ ሆነች ታውቃለች፤ በዚያች ሌሊት እኔ አልጸለይኩም፣ ተጣላሁ። ልጆቹን ባለቤቴና ጎረቤታችን በጨለማ ሲያጥቧቸው፣ ሳሙናው እስኪያልቅ እጅ ለእጅ ሲፈትጓቸው፣ እኔ ከጋጣው ደጅ ቁጭ ብዬ ወደ ሰማይ ተናገርኩ። ታቦትህን አጅቦ የመጣ ፈረስ ነው። ልጄ ላዩ ላይ እልል ስትል ውላለች። ዳዊት «አቤቱ፥ ሰውንና እንስሳን ታድናለህ» ይላል፣ ልጅ ሆኜ ነው የቆጠርኩት፤ ታዲያ የትኛውን አዳንክ? እንዲህ አልኩ። ከዚህ የባሰም ብያለሁ፣ አልጽፈውም። ከውስጥ የባለቤቴ ድምፅ ይሰማኛል፤ የታናሹን መዳፍ ስንጥቅ በስንጥቅ እያጠበች «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትላለች፣ ልጁ ደግሞ ሳሙናው ስላቃጠለው እያለቀሰ ይቀበላታል። አርባ አንድ ሞልተው እንደገና ጀመሩ።

ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የንስሐ አባታችን ተጠርተው መጡ። በጎረቤት አንዳንዱ «ጸበል ይጠመቁ፣ ሰባት ቀን» ይላል፤ አንዱ ደግሞ ሥር የሚቀምም አዋቂ አለ፣ እርሱ ጋ እናድርሳቸው ይላል። አባ መስቀላቸውን አሳልመው «ጸበሉን ይዛችሁ ሂዱ፣ መንገድ ላይ እረጫችኋለሁ። ክትባቱን የሰጠን እሱው ነው። ጎህ ሳይቀድ ደሴ ውጡ» አሉ። ቆመው አስነሡን። ይህ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ የሚያድነው ምልክት ሳይመጣ ነው። እዚያ ሰባት ቀን ብንቆይ ኖሮ የሚለውን አሁንም አስቤ አልጨርሰውም። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝም።

ጎረቤታችን አንድ ሙክት አስይዘው ብር አመጡ። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መኪናውን አቁሞት ነበር፤ ታናሹ እቅፌ ውስጥ ተኝቶ መዳፉ ተገልጦ ይታየኛል። «ከሌሊት ግርማ አትፈራም» የሚለው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እየተቆጣሁም ከንፈሬ ይለዋል።

ደሴ የመጀመሪያው ቦታ «አልቋል» አሉን። ሁለተኛው ጋ ተገኘ። ነርሷ የአምስታችንንም እጅ አየች። ውሻ ያልነከሰው ሰው ለምን ይከተባል ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ የታመመ እንስሳ ምራቅ የተሰነጠቀ ቆዳ፣ አፍ ወይም ዓይን ከነካ እንደ ንክሻ ነው የሚቆጠረው። ባለቤቴ ባልዲውን ስላጠበች እርሷም ተቆጠረች። የዛሬው መርፌ ሆድ ላይ አይደለም፣ ክንድ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው። አምስት ሰው፣ አምስት አምስት፣ 25 መርፌ። አንዱም ቀን እንዳይዘለል ደሴ ያለችው እህቴ ልጆቹን ወር ሙሉ ቤቷ አስቀመጠቻቸው፣ እህት ዓለም፣ ውለታሽን ከየት አምጥቼ ልክፈል።

እኔ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ለመቅበር ተመለስኩ። ዳማው መውደቁን ነግረውኝ ነበር፤ ከታመመ በአራተኛው ቀን ሞተ፣ የኋላው ከከዳው በኋላ መነሣት አልቻለም። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጓንት አድርጎ አየውና ጭንቅላቱን ለምርመራ ማድረስ እንደማይቻል፣ ግን ያው በሽታ ነው ብለን መያዝ እንዳለብን ነገረኝ። ከወንዙ ርቀን፣ ቁመት የሚውጥ ጉድጓድ ቆፈርን፤ ጅብና ውሻ እንዳያወጣው ድንጋይ ደርድረን እሾህ ጫንበት። ልባቡንና ገመዱን አቃጠልን። ግላሱን ትልቋ ልጄ በስልክ «እሱንስ አታቃጥለው» ብላ ለምናኝ ነበር፤ አቃጠልኩት። የመንደሩን ውሻ ሁሉ፣ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ያለውን፣ ሐኪሙ በዚያው ሳምንት ከተበ። አሁን በየዓመቱ ነው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፣ ፋሲካ ሆነ፣ በልጉ ታጨደ፣ ሰኔ መጣ፤ ማንም አልታመመም።

ከእግዚአብሔር ጋር የታረቅሁት ግንቦት ላይ ነው። ታናሹ አንድ ሌሊት ራሴን አመመኝ ብሎ ተነሣ። ውሃ በጣሳ ሰጠሁትና ጣሳውን አየሁ። ጠጣ፣ ጎደለ፣ ጨመርኩለት፣ ጎደለ። ጣሳውን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተደፋሁ። ትኩሳቱ ጉንፋን ነበር፣ በነጋታው ጠቦት ሲያባርር ዋለ።

ዘንድሮ የሁለት ዓመት ውርንጭላ ገዝተናል፣ ጉራቻ ናት፣ ገና ኮርቻ አላየችም። ልጆቹ ገብሱን የሚሰጧት በሰፌድ ነው፣ ካበሉ በኋላ የሚታጠቡበት ሳሙና ጋጣው ደጅ ላይ በጣሳ ተቀምጧል። ማታ ማታ ባለቤቴ የታናሹን እጅ ቅቤ ትቀባዋለች። ከከንፈሯ ስር ውዳሴ ማርያም እየደገመች መዳፉን ወደ መብራቱ ታዞረዋለች፣ ስንጥቁን አንድ በአንድ ታየዋለች፣ ስትጨርስ ልጁ «አሜን» ይልና እጁን ይነጥቃታል።