ሆዷ ሲጎድል የምታኮርፍ ሃይሉክስ፦ የነዳጅ መስመሯን ያደስኩበት አምስት ወር

ትናንት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን አዞርኩና በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳች። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ የነበረው ናፍጣ ሩብ እንኳ አይሞላም። ከማርሚታዋ ትንሽ ነጭ ጭስ ለቀቀች፣ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨች፣ ከዚያ ድምጿ ረጋ። አምስት ወር የለፋሁት ለዚህች ጠዋት ስለሆነ፣ ነገሩ ከአእምሮዬ ሳይጠፋ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ያላችሁ፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት አልነሳ የምትል መኪና የምታስቸግራችሁ፣ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። በፈረንጆች 1994 የተሠራች ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ፣ ሞተሯ 3ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር ናፍጣ። ቱርቦ የላት፣ ኮምፒውተር የላት፤ ከሰልባትዮው እስከ ኖዝሉ (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ጫፍ) ድረስ ያለው ሁሉ በእጅ የሚነካ፣ በቁልፍ የሚፈታ ነገር ነው። ከምንጃር ጤፍ ስታመጣ ኖራለች፤ እኔንና እህቶቼን ያስተማረችን እሷ ናት። አባባ ጉልበቱ ሲደክም ሁለት ዓመት ያህል ግቢ ውስጥ ቆመች። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ መካኒክ አይደለሁም። የተማርኩት ቅዳሜና እሁድ፣ ከሷው ሥር ተኝቼ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች በአጭሩ ልለፋቸው። አሮጌውን ናፍጣ ከሰልባትዮው በታች ባለው ቡሎን በኩል አፈሰስኩ፤ ቀለሙ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሮ ነበር፣ ሽታውም የቀለም ቤት ይመስላል። ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ ከሥሩ ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ አጠብኩ፤ አንድ ብርጭቆ የሚያህል ውሃ ወጣው። የደረቁትንና የተሰነጣጠቁትን የጎማ ቱቦዎች ከነፋሸታቸው (ከነማሰሪያቸው) ጣልኳቸው። ኖዝሎቹን የያዙትን ኢንጀክተሮች የነዳጅ መስመራቸውን በ17 ቁልፍ፣ ራሳቸውን በ27 ቁልፍ ፈትቼ ወደ ፖምፒስታ (የናፍጣ ፖምፓና ኢንጀክተር ጠጋኝ) ወሰድኳቸው። ከአራቱ ሦስቱ በመሞከሪያው ላይ ገና ግፊቱ ሳይሞላ ያንጠባጥቡ ነበር። መከፈት ያለባቸው ወደ 150 ባር ገደማ ላይ ነው። ሽማግሌው ፖምፒስታ አዲሶቹን ኖዝሎች ከገጠሙ በኋላ የመሞከሪያውን እጀታ ወደታች እየገፉ «ስማ እንግዲህ፣ ጤነኛ ኖዝል ይጮሃል» አሉኝ። እውነትም እንደ ፌንጣ ጭርር የሚል ድምፅ አለው፣ የሚረጨውም ናፍጣ ጉም ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ከኢንጀክተሩ ሥር የሚገቡትን ራንዴላዎች (ክብ ማሸጊያ ቀለበቶች) በፍጹም ደግማችሁ አትጠቀሙ። ርካሽ ናቸው፤ አሮጌው ራንዴላ ግን አንዴ ተጨፍልቆ ቅርፁን ይዟል፣ እንደገና አይታተምም፤ ጋዝ ያሳልፍና መቀመጫውን ይበላዋል። ሲታሰርም በክንድ ግምት አይሁን። ኢንጀክተሩ ራሱ 64 ኒውተን ሜትር ነው። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቶርክ ቁልፍ ከሌላችሁ ተከራዩ፣ ተዋሱ።

ከዚያ ደግሞ የምቆጭበት ነገር መጣ። ይህ ሁሉ ተሠርቶ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለች። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩን የሚያሞቁት ካንዴላዎች ይግላሉ፣ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ትነሳና ከአሥር ሰከንድ በኋላ ትጠፋለች። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ሠላሳ ጊዜ ያህል ስጫነው ትነሳለች። ቀኑን ሙሉ ትሠራለች፣ ዳገት ላይ ግን ትደክማለች። ይህን ሳይ ያለ ምንም ምርመራ «ዋናው ፖምፓ ነው» ብዬ ደመደምኩ፤ ናፍጣውን በግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚልከውን ማለቴ ነው። ፈትቼ ወሰድኩት፣ ጓርኒሲዮኖቹ (ማሸጊያዎቹ) ሁሉ ተቀየሩ፣ መሞከሪያ ላይ ወጣ፣ ተመለሰ። የአንድ ወር ደመወዜ ሄደ። የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው ገንዘቤን ሲቀበሉ «ፖምፓህ ብዙም አልታመመም ነበር» ብለውኛል፤ ቀድሜ ብጠይቃቸው ኖሮ ቀድመው ይነግሩኝ ነበር። ከዚህ ያተረፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፖምፓ ከመፍታታችሁ በፊት ፖምፓውና የተቀመጠበት አካል በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ጫሩ። ሲመለስ መስመሩ ከመስመሩ ካልገጠመ የመርጫ ሰዓቱ ይዛባል።

ቶሎ የሚቀጣጠለውን ኤተር ነፍቼ እንዳስነሳት የመከሩኝም ነበሩ። እንቢ አልኩ፣ አሁንም እንቢ እላለሁ። የሚግል ካንዴላ ባለበት ሞተር ውስጥ ኤተር መንፋት ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ከመስበር አይለይም። የማትነሳ መኪና የሆነ ነገር ልትነግራችሁ እየሞከረች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ። ለዚህ ብቻ ሁለት ወር ሄዶብኛል።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር ይህ ነው። በዚህች መኪና ናፍጣውን ከሰልባትዮ የሚገፋ ሌላ ፖምፓ የለም። ራሱ ዋናው ፖምፓ ውስጥ ያለች ትንሽ መሳቢያ ናት ከኋላ ድረስ የምትስበው። ስለዚህ ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር በሙሉ የሚሠራው በመምጠጥ ነው። መስመሩ ላይ ቀዳዳ ካለ ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ ግን ለሳምንታት በባትሪ መብራት ከመኪናው ሥር እየተኛሁ እርጥብ ቦታ ስፈልግ ነበር። ሁሉም ደረቅ ነው። ደረቅ ስለሆነ «መስመሩ ጤነኛ ነው» አልኩ። ጉሮሮዋ ላይ የተቀደደች ስትሮ ጁስ አትስብም፤ ጁሱም አይፈስም። ነገሩ እንደዚያ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ናፍጣውን ከሰልባትዮ ወደ ላይ የሚገፋልን የአየር ግፊት ራሱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ትንሿ ቀዳዳም ትበረታለች።

መፍትሔውን ያመጣልኝ ግማሽ ሜትር የምታህል ብርሃን የምታሳልፍ የላስቲክ ቱቦ ናት፤ 8 ሚሊ ውስጠ ስፋት፣ ከሁለት ፋሸታ ጋር። ከገዛኋቸው መሣሪያዎች ሁሉ የምወዳት እሷን ነው። በመጀመሪያ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ገጠምኳት። ሞተሩ ሲነሳ ንጹሕ ቢጫ ናፍጣ ሞላት፤ ወዲያው ደግሞ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተያያዙ ትናንሽ አረፋዎች አንድ በአንድ መጡ። ጋዝ ስሰጥ ዶቃዎቹ ይበዛሉ። ዓይኔ ሥር በዚያች ቱቦ ውስጥ የችግሬን መልክ አየሁት። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ከፊልትሮው በፊት ገጠምኳት። አረፋው አለ። ስለዚህ ፊልትሮውም የእጅ ፖምፓውም ነጻ ናቸው። ሻንሲው ላይ በተዘረጋው የብረት ቱቦ መጨረሻ፣ ወደ ሰልባትዮው አጠገብ ገጠምኳት። አሁንም አለ።

በዚህ ጊዜ ሌላ ነገር ሞከርኩ። አምስት ሊትር ጀሪካን ንጹሕ ናፍጣ ሞልቼ ከኮፈኑ ሥር ከፍ አድርጌ አሰርኩ፤ የመምጠጫውንም የመመለሻውንም ቱቦ እዚያ ውስጥ ከተትኩ። ሌሊቱን አሳደርኳት። ጠዋት ገና ቁልፉን ስነካው ተነሳች፣ ቱቦዋም አንድ አረፋ የላትም። ይህ ሙከራ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሚወስደው አንድ ሌሊት ነው። ፖምፓውን ከመፍታቴ በፊት ባደርገው ኖሮ ያ ደመወዝ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር። አሁን የናፍጣ መኪና ችግር የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ ከእኔ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ጀሪካን» ነው።

ከሰልባትዮው የሚወጣውን የመጨረሻ ጎማ ቀየርኩ፣ ነዳጅ ሞላሁ፣ አረፋው ጠፋ። ለአባባ ደውዬ «አለቀ» አልኩት። ሦስት ቀን እንደ አዲስ ነዳኋት። በአራተኛው ቀን ከሞጆ ወደ አረርቲ ስሄድ መንገድ ላይ ጉልበቷ ቀነሰ፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች። ጥግ ይዤ የእጅ ፖምፓውን ስጫን ተነሳች። ቤት ስደርስ አባባ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሆነውን ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ናፍጣዋ ስንት ነበር?»

«ከግማሽ ትንሽ ያነሰ።»

«እኔ ነግሬህ የለ፣ ሆዷ ሲጎድል ታኮርፋለች። ሁልጊዜ ከግማሽ በላይ አድርጋት።»

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ቆሻሻ ከሥር እንዳይሳብ የሚደረግ የድሮ ሾፌር ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ጀርባዬን ቀዝቃዛ ነገር ነካኝ። በደብተሬ የጻፍኩትን ቀን በቀን ገልጬ አየሁ፤ የሞላሁ ቀን አረፋ የለም፣ ከግማሽ ስትወርድ አረፋ አለ። እያንዳንዱ ቀን ይገጥማል።

ሰልባትዮውን ከጎረቤት ልጅ ጋር አወረድነው። መጀመሪያውኑ፣ አሮጌውን ናፍጣ ባፈሰስኩበት ቀን፣ ማውረድ ነበረብኝ። ከላይ በቪቴ የታሰረውን ክዳን ፈትቼ መምጠጫ ቱቦውን ሳወጣው የታችኛው ግማሹ ንጹሕ ብረት ነው፤ የላይኛው ግማሽ ግን ዝገት ለብሷል፣ በጥፍር ሲነካ ቡናማ ቅርፊት ይረግፋል። አንዱን ጫፍ በአውራ ጣቴ ዘግቼ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከትቼ፣ በሌላው ጫፍ በአፌ ነፋሁ። ከመሃሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ካለ ቦታ ቀጭን የአረፋ ክር ወጣ። ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ታህላለች። ሰልባትዮው ሲሞላ ናፍጣ ይሸፍናታል፤ ቀዳዳዋ ብትስብም የምትስበው ናፍጣ ነው። ናፍጣው ከሷ በታች ሲወርድ አየር መሳብ ትጀምራለች፤ ሌሊት ደግሞ መስመሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ በሷ በኩል አየር እያስገባ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። ሁለት ዓመት በጎደለ ሰልባትዮ ስትቆም የተጠራቀመው እርጥበት ቀዳዳዋን አስፍቷት ይሆናል፤ ግን አባባ ያውቃት ነበር። ስሟን አያውቅም እንጂ ጠባይዋን ያውቅ ነበር።

ቱቦውን ለብቻው በያጅ ጋ ወስጄ በነሐስ አስበየድኩት፤ እንደገና በባልዲ ውሃ ፈተንኩት። ሰልባትዮውን ራሱን እሳት አላስነካሁትም፤ ባዶ ሰልባትዮ ውስጥ የሚቀረው ትነት ከሞላው የባሰ አደገኛ ነው። ውስጡን ብሎኖችና ትንሽ ናፍጣ ጨምሬ እያንከባለልኩ ዝገቱን አረገፍኩ፣ አራት ጊዜ አለቀለቅሁት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። የክዳኑን ጓርኒሲዮን አዲስ አደረግሁ። ሲሊኮን የሚቀቡ አሉ፤ እኔ አልቀባም፤ ናፍጣ ያላላውና ቁራጩ ፊልትሮ ውስጥ ይገኛል።

የብርሃን ቱቦዋንም ፈትቼ ቋሚውን የናፍጣ ጎማ መልሻለሁ። ለምርመራ እንጂ ለዘለቄታ አትሆንም፤ ናፍጣና የሞተር ሙቀት በጥቂት ወራት ያደርቋታል፣ ትሰነጠቃለች፣ ያኔ ሌላ አየር ፍለጋ ነው።

አንድ የቀረኝ ሥራ አለ። ሰልባትዮውን ስንከፍት የነዳጅ መለኪያው ተንሳፋፊ ክንድ ታጥፎብኛል፤ አሁን ሩብ ሲሆን ግማሽ ያሳያል፤ ሲሞላ ግን ትክክል ነው። ክንዱን በእጄ ላቀናው ሞክሬ አልተሳካም። ሱማሌ ተራ ያገኘሁት የቤንዚኑ ሞዴል ነው፣ ክንዱ ያጥራል። ከእናንተ መካከል ከ3ኤል ናፍጣ ሃይሉክስ የወጣ መለኪያ ያለው፣ ወይም ክንዱ በየትኛው በኩል ምን ያህል መታጠፍ እንዳለበት ለክቶ የሚነግረኝ ሰው ካለ እጠብቃለሁ። እስከዚያው በየጠዋቱ በእንጨት እየለካሁ ነው የምነዳት።